ለፀሐያማ ግቢ የሣር ዘር ስንመርጥ፤ ፌስኪዩ ወይስ ሰርዶ?

"እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። የተተረተው ለራስ ወዳድ ሰው ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የምስቀው አህያይቱ ስለ ሰርዶ ባላት የተሳሳተ ግምት ነው። ሰርዶ በማንም ሞት አይቀርም። አርሰውት ይበቅላል፣ ነቅለውት ይበቅላል፣ ወራት ሙሉ ዝናብ ጠፍቶበት ገለባ መስሎ ከርሞ አንድ ሁለት ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ይለመልማል። እንዲህ ያለ ሣር በደጁ እያለ ድርቅን የሚቋቋም ዘር ከባሕር ማዶ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ይኖራል ብዬ አልገመትኩም ነበር። አለ። ያውም አብሮ አደጌ ነው።

ይህ ወዳጄ ከሃያ ዓመት በላይ በአሜሪካ ቨርጂንያ ኖሯል። ለእናቱ ሰንበቴ ላይ ቤት አሠራላቸው። ሰንበቴን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ሸዋ ሮቢትን አልፈው አጣዬ ከመድረስዎ በፊት የሚያገኟት፣ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከሚሴ በፊት መሆኗ ነው። እሑድ እሑድ በሚቆመው ገበያዋ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው ከብቱንና እህሉን ይዞ ይገናኛል። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። ከፊቱ 200 ካሬ ሜትር የሚሆን ዛፍ የሌለበት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የሚመታው ባዶ ግቢ አለ። ወዳጄ ይህን ግቢ ቨርጂንያ ያለው ቤቱን ደጅ እንዲመስል ፈለገ። ለመምጣት ሁለት ወር ሲቀረው ከሱቅ የገዛውን ባለ 9 ኪሎ ከረጢት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከረጢቱ ላይ "ረጅም ፌስኪዩ፤ ለፀሐያማ ግቢ፤ ድርቅን የሚቋቋም" ተብሎ ተጽፏል። "በሻንጣ ይዤው ልምጣ፣ አንተ ሕግ ታውቃለህ፣ ችግር አለው?" ሲል ጠየቀኝ።

ሰንበቴ ሄጄ ግቢውን አየሁ። ጉዳዩን ለእናቱ ሳጫውታቸው፣ እኔም ልጃቸውም ያላሰብነውን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ሣሩን ላሚቱ ትበላዋለች?"

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ጥያቄዎች ከሰጠሁት መልስ ተስፋፍቶ የተጻፈ ነው። ሰንበቴም፣ ከሚሴም፣ ሜሪላንድም ሆነው ግቢያቸውን ሣር ለማልበስ ለሚያስቡ ይጠቅም ይሆናል።

ከማን አንጻር ነው ድርቅ የሚቋቋመው?

ፌስኪዩ ብዙ ዓይነት ሣሮችን የያዘ የአንድ ወገን ስም ነው፤ በሳይንስ ስሙ ፌስቱካ ይባላል። ረጅሙ ፌስኪዩ የትውልድ አገሩ አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪካና ምዕራብ እስያ ነው። አሜሪካኖች መጀመሪያ የወደዱት ለግቢ ሳይሆን ለግጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 በኬንታኪ ግዛት በአንድ ገበሬ ዳገታማ መሬት ላይ ለምልሞ የተገኘው ሣር በ1943 "ኬንታኪ 31" በሚል ስም ለገበሬ ተሠራጨ፤ ሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታርም ተዘራ። ቅጠሉ ሰፊና ሸካራ ነው። ለግቢ የሚሆኑት ቅጠለ ቀጭን ዝርያዎች የመጡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሪድ ፈንክና ባልደረቦቻቸው ያወጡት "ሬብል" የተባለው ዝርያ የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል።

"ድርቅን የሚቋቋም" የሚለው ቃል ውሸት አይደለም። ነገር ግን ተከራካሪው ወገን ሳይጠቀስ የተሰጠ ፍርድ ይመስላል። ከማን ይበልጥ ነው የሚቋቋመው? ፌስኪዩ የሚወዳደረው እንደ እሱው ብርድ ከሚወዱት ከኬንታኪ ብሉግራስና ከራይግራስ ጋር ነው። እነዚያ ሥራቸው ወደ ላይኛው አፈር የቀረበ በመሆኑ በአጭር ጊዜ ይጠወልጋሉ። የፌስኪዩ ሥር ግን አፈሩ ከፈቀደለት እስከ አንድ ሜትር ድረስ ወርዶ ውኃ ይፈልጋል። የመቋቋሙ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ድርቅን ይሸሸዋል እንጂ አይችለውም። ሥሩ የደረሰበት ውኃ ሲያልቅ ሣሩም ያልቃል። እንደ ቁጥቋጦ በየቦታው እየተጨበጠ የሚበቅል፣ እምብዛም የማይሳብ ሣር ስለሆነ የሞተበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ እንደገና መዝራት ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ሣሮች በሁለት ይከፈላሉ፤ ብርድ ወዳድና ሙቀት ወዳድ። ረጅሙ ፌስኪዩ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ባለ አየር ይመቸዋል። ከ30 በላይ ሲሆን ቅጠሉ ቢቆምም ሥሩ መኮሰስ ይጀምራል። ጥቂት ሳምንት ሲሆን ይታገሠዋል። ወራት ሲቆጠር ግን ሌላ ነገር ነው። ሰንበቴ ቆላ ናት። የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላ ግንቦትና ሰኔን እዚያ ያሳለፈ ሰው የምለው ይገባዋል።

ፌስኪዩ ከተራራው አልወረደም

የሚያስገርመው፣ ፌስኪዩ ለሰንበቴ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ከገበያው መሐል ቆመው ወደ ምዕራብ ቀና ቢሉ የመንዝን ገደል ያያሉ። ከዚያ ገደል አናት ላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ የተዘረጋው ሜዳ ጓሳ ይባላል። ስያሜውን የሰጠው ጓሳ የተባለው ሣር ደግሞ ከዚሁ ከፌስቱካ ወገን ነው። የአሜሪካው ፌስኪዩ የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው።

የመንዝ ሰው ጓሳን ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲገለገልበት፣ ከብቱንም በክፉ ቀን ሲያግጥበት ኖሯል። ሣሩን የጠበቀውም በራሱ ሕግ ነው። ቀሮ በሚባለው ሥርዓት መሠረት ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ቀኑ ሲቆረጥ ይከፈታል። የሚዘጋውና የሚከፍተው በሕዝብ የተመረጠው አባ ቀራ ነበር። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲታወጅ የርስቱ መሠረት ስለፈረሰ ቀሮም አብሮ ፈረሰ። ነዋሪው በኋላ በሌላ መልክ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ሕግ ስማር ስለ ቀሮ ማንም አንድ ቃል እንዳልነገረኝ ሳስታውስ ይቆጨኛል። ነገር ግን ወደ ሣሩ ልመለስ።

ጓሳ በስንት ሺሕ ዓመት ውስጥ ዘሩን ነፋስና ጎርፍ ወደ ታች ሳያወርደው አልቀረም። ሰንበቴ ግን አልበቀለም። በአንድ ሺሕ ሜትር ልዩነት ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚለይ ይታወቃል፤ ከጓሳ እስከ ሰንበቴ ደግሞ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺሕ ሜትር እጅግ ይበልጣል። የኛው ፌስኪዩ ቆላውን ካልወደደ የኬንታኪው የሚወድበት ምክንያት አይታየኝም። ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ ቢሆን አየሩ ይስማማዋል እል ነበር፤ የውኃው ነገር ግን እዚያም አይቀርም።

250 ጀሪካን

የውኃውን ሒሳብ ለወዳጄ በስልክ ነው የሠራሁለት። ፌስኪዩ በሞቃት ወራት አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ይህም በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ማለት ነው። በ200 ካሬ ሜትር ሲባዛ 5,000 ሊትር ይሆናል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 250 ጀሪካን፣ ያውም በየሳምንቱ። ወዳጄ ዝም አለ። ከዚያ "ቧንቧ አለ አይደል?" አለ። ቧንቧማ አለ። ውኃ የሚመጣበት ቀን ግን አለ፤ በማይመጣበት ቀን ደግሞ ቢጫ ጀሪካን የተደረደረበት ሰልፍ አለ። እናቱ በዚያ ሰልፍ ጎረቤቶቻቸው ቆመው እያዩ ሣር ሊያጠጡ አይችሉም። ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡን ወዳጄ ይከፍላል። ከጎረቤት ጋር በሰላም የመኖር ነገር ነው።

እንዲህም ሆኖ ከረጢቱን መናቅ አይገባም። ቨርጂንያና ሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ረጅም ፌስኪዩ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ እዚያ በጋው ለብርድ ወዳዱ ይከብደዋል፣ ብርዱ ደግሞ ለሙቀት ወዳዱ፣ ፌስኪዩ ግን መሐል ላይ ሁለቱንም ይችላል። የሚዘራው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ግራም ይበቃዋል፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል፣ ሲታጨድም ከ7 ሴንቲ ሜትር በታች ባይወርድ ይመረጣል። አጭር ያጨዱት ሣር ሥሩም አጭር ነው። አንድ ዝርያ ብቻ ከመዝራት ሦስት ያህል ዝርያዎች የተቀላቀሉበትን መግዛት ይሻላል፤ አንዱን በሽታ ቢጥለው ሌላው ይተርፋል። ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል የሚገኘው ብሔራዊ የሣር ግምገማ ፕሮግራም ዝርያዎችን በየግዛቱ እየዘራ ውጤታቸውን ይፋ ስለሚያደርግ ከከረጢቱ ሥዕል ይልቅ እሱን ማየት ይበጃል።

ከረጢቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ማንበብም አይዘንጉ። የአሜሪካ የዘር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣ ነው፤ ሻጩ የዝርያውን ስም፣ የዘሩን ንጽሕና፣ የብቅለቱን መጠን፣ የአረም ዘር መቶኛውንና የምርመራውን ቀን እንዲጽፍ ያስገድዳል። እንደ ሕግ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ደስ ይለኛል፤ ማስታወቂያው ከፊት ይዘፍናል፣ እውነቱ ከኋላ በትናንሽ ፊደል ይመሰክራል። ንጽሕናው 96፣ ብቅለቱ 85 በመቶ ከሆነ ሁለቱን ያባዟቸው፤ 81.6 በመቶ ይመጣል። እንግዲህ 9 ኪሎ የገዛ ሰው ሕይወት ያለው ዘር ያገኘው 7.3 ኪሎ ብቻ ነው። የምርመራው ቀን ዓመት ካለፈው ብቅለቱ ከተጻፈው ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ከረጢት ያንሱ።

የእናቲቱ ጥያቄ

አሁን ወደ ላሚቱ እንምጣ። በአሜሪካ ግቢ የታጨደ ሣር ብዙውን ጊዜ እዚያው ይበተናል ወይም ይጣላል። ሰንበቴ ላይ ግን ሣር የሚጥል ሰው የለም። የጨፋ ረግረግ በበጋ ከየአቅጣጫው ከብት የሚጎርፍበት በምን ሆነና? በሣር ምክንያት ነው። በዚህ አገር የታጨደ ሣር ወዲያው ወደ ከብት አፍ ይሄዳል፤ የእርስዎ ላም ባትበላው የጎረቤት ትበላዋለች።

ኬንታኪ 31 ከተሠራጨ በኋላ የአሜሪካ ገበሬዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። መስኩ ለምልሞ ሳለ ከብቶቹ ይከሳሉ፣ ሙቀት አይችሉም፣ ወተታቸው ይቀንሳል። አንዳንዶቹም የጅራታቸው ጫፍና ሰኮናቸው ደም አጥቶ ይወድቃል። ያረገዙ ባዝራዎች ቀናቸው አልፎ ይወልዳሉ፣ ወተትም አያጋቱም። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። በሣሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ ኢንዶፋይት የሚባል ፈንገስ ይኖራል፤ ሣሩን ከተባይና ከድርቅ ይጠብቀዋል፣ በምላሹም የደም ሥር የሚያጠብ መርዝ ያመነጫል። ፈንገሱ ከእናት ሣር ወደ ዘር ይተላለፋል።

ለግቢ የሚሸጠው ፌስኪዩ ላይ ይህ ፈንገስ እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ጥራት ይቆጠራል። ነፍሳት አይበሉትም፣ ድርቅም ይችላል ተብሎ ሆን ተብሎ ይጠበቃል፤ የአንዳንዱ ከረጢት ጽሑፍም ይኮራበታል። ለግጦሽ የሚዘሩት ከፈንገሱ የጸዱ ወይም መርዝ የማያመነጭ ዓይነት ፈንገስ የያዙ ዝርያዎች ሌላ ናቸው። ስለዚህ "ላሚቱ ትበላዋለች?" ለሚለው መልሱ "ትበላዋለች፤ ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው" የሚል ሆነ። አንድ ጉርሻ አይገድላትም። ዓመቱን ሙሉ የግቢውን እጭድ የምትመገብ የቆላ ላም ግን ሙቀቱ በራሱ እየከበዳት መርዙ ሲጨመርባት ምን እንደምትሆን መገመት አያዳግትም።

በሻንጣ ይመጣል?

ለወዳጄ የሕግ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አይመጣም። በዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4/1985 መሠረት ዘር ወደ አገር የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣትና ዘሩ ጤናማ ስለመሆኑ ከመጣበት አገር የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት። ዛሬ ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ሰዎች እንዲህ ያለውን ሕግ የቢሮክራሲ ጣጣ ያደርጉታል። የከሚሴና የሰንበቴ ገበሬ ግን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ በየማሳውና በየመንገዱ ዳር የሚያየው ነጭ አበባ ቅንጨ አረም ምስክር ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ፋራምሲሳ የሚለው፣ በሳይንስ ስሙ ፓርቲኒየም የተባለው ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከዕርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደገባ በሰፊው ይታመናል። ማሽላውን ያቀጭጫል፣ የበላችው ላም ወተት ይመርራል፣ የነቀለው ሰው ቆዳው ይቆጣል። በአፋር የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ ደግሞ በስህተት አልገባም፤ በረሃውን አረንጓዴ ያደርጋል ተብሎ በክብር ተተክሎ ነው።

በከረጢቱ ወረቀት ላይ "የአረም ዘር 0.1 በመቶ" ቢል ንጹሕ ይመስላል። ከ9 ኪሎ ውስጥ ግን 9 ግራም ይሆናል። የአንዳንድ አረም ፍሬ ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ስለሚመዝን 9 ግራም በሺሕ የሚቆጠር ፍሬ ማለት ነው።

እንግዲያው ምን ይተከል?

ሰርዶ። በሰንበቴ አካባቢ በኦሮምኛ ጮቆርሳ የሚባለው ማለቴ ነው። አሜሪካኖች በርሙዳ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ሳይኖዶን ሲሆን በግሪክኛ "የውሻ ጥርስ" ማለት ነው። ደቡባዊ አሜሪካ ውስጥ የጎልፍ ሜዳዎችን ያለበሰው "ቲፍዌይ" የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ፣ የተራው ሰርዶና ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የሌላ ሰርዶ ዲቃላ ነው። እኛ ከማሳ ነቅለን የምንጥለውን እነሱ በካሬ ሜትር ይሸጡታል።

ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ፌስኪዩ በሚደክምበት ሙቀት እሱ ይፋጠናል። ውኃ ሲያጣ ቅጠሉን አድርቆ ከመሬት በታች ባለው ግንዱ ይተኛል፣ ዝናብ ሲመጣ ይነቃል። የሚጠላው ጥላን ነው። ከዛፍና ከግንብ ሥር ይሳሳል፤ የወዳጄ ግቢ ግን ዛፍ የለውም። ከብትም ያለ ሥጋት ይበላዋል። ኪኩዩ የሚባለው ሣር በአዲስ አበባ አየር ቢያምርም ለቆላው ደረቅ ወቅት አይሆንም። ሮደስና ደሾ ጥሩ መኖ ናቸው፤ ረጃጅም ስለሆኑ ግን ለጓሮ ወይም ለእርከን እንጂ ለሚረገጥ ግቢ አይመቹም።

ዘር መግዛትም አያስፈልግም። ቅንጨ ከሌለበት ቦታ ሰርዶ ቆፍሮ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት አንጓ እንዲኖረው አድርጎ መቆራረጥ ነው። ጊዜው ሐምሌ መግቢያ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ፣ ጫፉን ከአፈር ውጭ አስቀርተው ይቅበሩትና በእግር ይረገጥ። የሰንበቴ ዓይነት ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከመትከል በፊት ግቢውን ከቤቱ መሠረት ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ፍግ ከተጨመረ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩሱ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሰርዶ ወሰን አያውቅም። የጎረቤት ማሳ ወይም የጎመን መደብ አጠገብ ከሆነ፣ በድንበሩ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቦይ ተቆፍሮ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይቀበርበት፤ ከዚያም አልፎ የሚሳበውን በየወሩ መቁረጥ ነው። ጤፍ ውስጥ የገባ ሰርዶ ያጣላል፤ ፍርድ ቤት ሲደርስም አይቻለሁ።

ወዳጄ አንድ ቅሬታ ነበረው። "በበጋ ቡናማ ይሆናል ማለት ነው?" አለኝ። አዎ፣ ይሆናል። ከጥቅምት በኋላ ቀስ እያለ ይገረጣል፤ በልጉ ከጣለ እስከዚያ፣ ካልጣለ እስከ ክረምት። ልብስ የታጠበበትን ሁለተኛውን እጣቢ ቢያፈሱበት በሩ አጠገብ ያለው ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። እናቱ ስለ ቀለሙ ምንም አላሉም።

ከረጢቱ ቨርጂንያ ቀረ። ወዳጄ መስከረም ላይ እዚያው ደጁ ዘራው፤ በዘጠነኛው ቀን መብቀሉን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሰንበቴ ላይ የሰፈር ልጆች ሐምሌ ላይ የተከሉት ሰርዶ በዚያው ሰሞን ግቢውን ሸፍኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በማጭድ ታጨደ። ሁለት ሸክም ወጣው። አንዱን ላሚቱ፣ አንዱን የጎረቤት ጥጃ በላው።